ሽማግሌ የላኩት ሁለት መርከቦች

ሐጂ ዐብዱልገኒ አፉ ያመለጠው በትንሿ ልጁ ሰርግ ቀን ነው። ሰው ጠግቧል፣ ከበሮው ደምቋል፣ የጫቱ ምርቃና ደግሞ ልክ አናቱ ላይ ደርሶለታል። ብድግ አለና፣ እንግዲህ ልጆቼን ሁሉ ዳርኩ፣ አሁን ተራው የባለቤቴ የሰዐዲያ ነው፣ በመርከብ ሞምባሳ ወስጄ አዝናንቼ አመጣታለሁ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ማሻአላህ አሉ። ሰዐዲያ ግን የሰሃን ክምር እንደያዘች ቆማ የባሏን ፊት አየችና፣ ይሄንን ቃል እኔ ካልያዝኩት የሚይዘው የለም ብላ በልቧ ቋጠረችው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሰርግ ላይ የተባለ ነገር መሬት አይወድቅም። በማግስቱ ሐጂ ዐብዱልገኒ ጊደር መጋላ ያለውን የቅመም ሱቁን ከፍቶ ገና ሚዛኑን ሳይወለውል፣ ዝንጅብል ሊገዛ የመጣው ሰውዬ መርከቡ መቼ ነው አለው። እርድ የምትገዛዋም መቼ ነው አለችው። ሥጋ ሻጩ ከማዶ ሆኖ፣ አደራ፣ እዚያ አሣ ለምደህ መጥተህ የኔን ሥጋ እንዳትንቅብኝ አለው። እሱ ፈገግ እያለ፣ ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ ይላል። ኢንሻአላህ ደግሞ እንዳባባሉ ነው፤ የዚያን ቀን የእሱ ኢንሻአላህ ጭራው ትንሽ ረዝሟል።

አሁን፣ ሰዐዲያ ሐጅ ሄዳ የመጣች ሴት አይደለችም ወይ፣ ባሕሩን አላየችውም ወይ ትሉ ይሆናል። ጉዱ እሱ ላይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከድሬዳዋ በአይሮፕላን ሲሄዱ ሐጂ ዐብዱልገኒ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ገና ሞተሩ ሲነሳ የመስኮቷን መሸፈኛ ጠረቀመና ፀሐይ ዐይኔን ወጋኝ አለ። ሲመለሱም ወጋው። ደመና ሆኖ እንኳ ወጋው። እንዲህ ሆና ነው እንግዲህ ሰዐዲያ ቀይ ባሕርን ሄዳም መጥታም ተሻግራ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳታይ ቤቷ የገባችው። ጎረቤቶቿ ባሕሩ ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቋት፣ ሰፊ ነው አለች። ሌላ ምን ትበል?

እናም የሰርጉ ጉድ ጉድ እንዳለቀ ባሏን አስነስታ ፈረስ መጋላ ሳህሉ ጋ ወሰደችው። ሳህሉ የሸዋ ሰው ነው፤ ታክሲዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ጠባብ ቢሮ ተከራይቶ የባቡርም የአይሮፕላንም የመርከብም ትኬት ይቆርጣል። ሐረር ተራራ ላይ ተቀምጦ መርከብ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት አፍ ሊኖረው እንደሚችል እናንተው አስቡት።

ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ የቀለም ስዕሎች ተለጥፈዋል። ባንደኛው ላይ እንደ ወተት የነጣ የጣሊያን መርከብ አለ፤ ቪላ ሴሬና ይባላል። አዲስ ነው። አናቱ ላይ የመዋኛ ገንዳ አለው፤ ባሕር ላይ ተቀምጠው ሌላ ውሃ ለምን እንዳስፈለጋቸው ሳህሉም አያውቅም። ከመኝታ ክፍሎቹ የቀረችው አንዲት ስትሆን እሷም ክብ መስኮት አላት፤ እትዬ፣ ጋደም እንዳሉ ባሕሩን ያዩታል አላት። በሌላኛው ስዕል ላይ ጥቁር የፈረንሳይ መርከብ አለ፤ ኮርሞራን። ሆዱ የሰፋ፣ ጭስ ማውጫው የወፈረ፣ ዕድሜ የጠገበ። ገንዳ የለውም፤ ግን ሰፊና ከባድ ስለሆነ ማዕበል አይንጠውም ይባልለታል። እዚያም የቀረችው ክፍል አንድ ናት፤ መርከቡ እምብርት ላይ፣ ዙሪያዋን በሌሎች ክፍሎች የታጠረች። መስኮት የላትም።

ሁለቱም ጅቡቲ የሚገቡት ባንድ ሳምንት ነው። ሁለቱም ሞምባሳ ያደርሳሉ፣ ሁለቱም ይመልሳሉ። ሳህሉ እስከ ቅዳሜ ጅቡቲ ቴሌግራም ካልመታ ግን ክፍሎቹ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ከዚያ ረመዳን ይገባል። ከረመዳን በኋላ ትልቋ ልጃቸው ትወልዳለች። ከወለደች ደግሞ ሰዐዲያን ከጀጎል በሮች ባንዱም የሚያስወጣት የለም፤ አያት የሆነች ሴት ደግሞ የት ትሄዳለች? ይሄንን ሳህሉም አልነገራት፣ ባሏም አልነገራት። እሷው ራሷ ስዕሎቹ ፊት ቆማ ነው የደረሰችበት። ወይ አሁን ነው፣ ወይ መቼም አይደለም።

ሐጂ ዐብዱልገኒ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጀመሪያ ማወዳደር ያስፈልጋል» አለ።

ማወዳደር እሱ ላይ በሽታ ነው። ቁንዶ በርበሬ ሲገዛ የገበያውን ጆንያ ሁሉ አሽትቶ አሽትቶ፣ ሲያበቃ ወደ መጀመሪያው ጆንያ የሚመለስ ሰው ነው። ስለዚህ ሰዐዲያ ያን ቀን ምንም አልመሰላትም። በማግስቱ ሄደና ነጩ አዲስ ስለሆነ ገና አልተፈተነም አለ። ከሰዓት ተመልሶ ጥቁሩ አሮጌ ስለሆነ ደክሞታል አለ። ሳህሉ፣ እንግዲህ ያልደከመ የተፈተነ ከየት ላምጣልዎ ብሎ ጠየቀው። ሐጂ አሰበና፣ ዋናው ነገር ባለቤቱ ነው አለ። ነጩ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያንን ደግሞ ሳንጠራው እዚህ ድረስ መጥቶ አይተነዋል። ጥቁሩ የፈረንሳይ ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ ባቡሩን ከጅቡቲ ጀምሮ ድሬ ካደረሰ በኋላ ሐረርን ዞር ብሎ ሳያይ በሌላ በኩል ሄደ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሞምባሳ ያደርሰኛል ብዬ እንዴት ልመን?

እውነት ለመናገር በዚህኛው ላይ ቢሮው በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት።

ሰው የተሰበሰበው ደግሞ ነገሩ የከተማ ስለሆነ ነው። ጎረምሶቹ የነጩ ወገን ሆኑ፣ ጎልማሶቹ የጥቁሩ። ታክሲ ነጂዎቹ ጭስ ማውጫ ሲያዩ ስለ ሞተር የማያውቁት ነገር ስለሌለ ጥቁሩ ነዳጅ ይበላል አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ሌላውን ሳይላጭ ደንበኛውን ትቶ ስዕሎቹን ሊያይ መጣ፤ ደንበኛውም ሳሙናውን እንደተቀባ ተከተለው። ሳህሉ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ትኬት የሚቆርጥ አጥቶ፣ ማታ ማታ ከስዕሎቹ ላይ የጣት አሻራ ሲጠርግ ያመሻል።

ሰዐዲያ ነገሩ የገባት ረቡዕ ዕለት ነው። ገበያ ውላ ስትመለስ ምን ላይ ደረሱ ብላ በሳህሉ በር ጎራ ልትል ነበር። ውስጥ ባሏ ብቻውን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ሳህሉ፣ እንደው ለማወቅ ያህል ነው» ይላል። «ሰው መርከብ ውስጥ ሆኖ ውሃውን ጨርሶ ሳያየው ሞምባሳ መድረስ ይችላል?»

«መድረሱንስ ይደርሳል። ግን ሐጂ፣ ታዲያ ለምን ይሄዳል?»

«ለሰው ነው የጠየቅሁት» አለ ሐጂ ዐብዱልገኒ።

ሰዐዲያ ዘምቢሏን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰች። ያቺ የአይሮፕላን መሸፈኛ፣ ያ ዐይን የሚወጋ ፀሐይ፣ ያ የማያልቅ ማወዳደር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተሰለፈላት። ባሏ ውሃ ይፈራል። ምሽት ላይ ከቤቱ ደጃፍ ጅብ ቢያገኝ፣ ዞር በልልኝ ወንድሜ ብሎ ገፋ አድርጎት የሚያልፍ ሰው፣ ውሃ ይፈራል። ሳቋ መጣባት፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ እስከ ቤቷ ሄደች። ቤት ስትደርስ ግን ሳቁ ጠፋ።

አንደኛ፣ ይሄ ነገር ካፏ ከወጣ «ሐጂ ውሃ ፈራ» የሚለው ወሬ በሸዋ በር ገብቶ ሰው ውሃ ጠጥቶ ሳይጨርስ በኤረር በር ይወጣል። ሁለተኛ፣ እሷ ራሷ ለብቻው እንኳ ብትነግረው፣ ሚስቱ ፈሪነቱን ያወቀችበት ወንድ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ቅዳሜ አይደለም ቂያማ ቢመጣ መርከብ ላይ አይወጣም። ዝም ካለችው ደግሞ ማወዳደሩን ይቀጥላል፣ ቅዳሜም ታልፋለች። እንግዲህ ምን ይደረግ? እንዲሄድ እያደረገች፣ የወሰነው ግን እሱ ራሱ እንዲሆን ማድረግ አለባት።

ማታ እራቱን ካቀረበችለት በኋላ፣ «እርስዎ» አለችው።

ሰዐዲያ ባሏን እርስዎ ካለችው ነገር አለ። ጉርሻውን አስቀመጠ።

ማወዳደር ያስፈልጋል ማለትዎ ትክክል ነው፣ ግን እስካሁን እንደ ቁንዶ በርበሬ ስናሸታቸው ነው የከረምነው አለችው። ሁለቱም በራችን ላይ ቆመው እሺ በሉን የሚሉ ናቸው። እኛ ደግሞ በር ላይ ቆሞ እሺ በሉኝ የሚልን እንዴት እንደምንመረምር እናውቃለን፤ ይሄን ያህል ሴት ልጅ ድረናል። እንግዲያው እንደ አማች እንጠይቃቸው። እኔን ለማጨት እነሱ ሽማግሌ ይላኩ።

ሐጂ ዐብዱልገኒ ፊቱ በራ። እዚህ አገር የአማች ነገር ደንብ አለው። ስለ ልጁ ልጁን አይጠይቁም፤ ጎረቤቱን፣ ሥጋ ሻጩን፣ አብሮት መንገድ የሄደውን ነው የሚጠይቁት። ለትልቋ ልጃቸው ሲጣራ ከመውሊድ እስከ መውሊድ ነው የፈጀው። ሐጂ ይሄ ትዝ ብሎት ደስ አለው። ደንቡ ግን መጨረሻም አለው፦ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ እናስብበት ተብሎ ይሸኛል፣ በሦስተኛው አባት እሺ ወይ እምቢ ሳይል ከመቀመጫው አይነሳም። እሱ የደንቡን የፊቱን ግማሽ አሰበ። እሷ የኋላውን።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ ዐብዱራሕማን ሱቁ ድረስ መጣ። ዐብዱራሕማን ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሰዐዲያ ካላዘዘችው አፉንም አይከፍትም። ነጩን ወክዬ መጥቻለሁ፣ ልጃችሁን ለልጃችን አለ። ሐጂ እንደ ደንቡ እናስብበት ብሎ ሸኘው። ወዲያው ዘቢባ መጣች፤ ዘቢባ ጎረቤታቸው ናት፣ የሴቶቹ አፎቻ፣ ማለት የሰርግና የለቅሶ ማኅበራቸው፣ አለቃ፤ ምላሷ ከቢላ ይቆርጣል። እኔ የጥቁሩ ነኝ አለች። እሷንም ሸኛት። ከሰዓት ሁለቱም ተመልሰው መጡና ሁለተኛውን አደረሱ። ሐጂ ዐብዱልገኒ ያኔ ነው ነገሩ የፈጠነበት። ሦስተኛውን ለሚቀጥለው ወር ሊል ሲል ዘቢባ ቀድማ፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ አለችና ወጣች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ተዘጋጀ። የሐረሪ ቤት መቼም መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ነው፤ እዚያ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ፣ ነደባው ላይ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ልጅ ሆነን ነው የምንማረው። ሐጂ ዐብዱልገኒ የልጅቷ አባት ነውና በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ከፍተኛው ላይ ወጣ። ዐብዱራሕማንና ዘቢባ ዝቅ ብለው ግራና ቀኝ። መሃል ላይ ሳህሉ ለአንድ ቀን ያዋሳቸው ሁለቱ ስዕሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ምስክር ደግሞ ዓሊዪ አለ፤ ከአወዳይ ጫት እየጫነ በባቡር ጅቡቲ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፣ ወደቡ ላይ ሁለቱንም መርከቦች በዐይኑ አይቷል። እሱ ሁለት ዙርባ ጫት ይዞ ገብቶ አንዱን ለሐጂ አቀረበ።

ሰዐዲያስ? ሙሽራ በራሷ ሽምግልና ላይ አትቀመጥም። ከነደባው ጎን ያለችው ቂርጣት ውስጥ ገባች። ቂርጣት ማለት አዲስ ሙሽራ ተደብቃ የምትከርምባት ጠባብ ጓዳ ናት፤ መስኮት የላትም፣ ከሳሎኑ የሚለያት ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው። ሰዐዲያ ራሷ ሙሽራ ሆና የከረመችው በዚህችው ጓዳ ነው። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች።

ክርክሩ ተጀመረ። ዘቢባ፣ የኔ ልጅ እርጋታ ያለው ነው፣ ሆዱም ሰፊ ነው፣ ዛሬ ሆደ ሰፊ አማች ማን ያገኛል አለች። ዐብዱራሕማን የታዘዘውን ያውቃልና፣ ሳህሉን ጠይቄ ነበር፣ ይሄ ጥቁሩ ድሮ ሌላ ስም ነበረው አለ። ስሙን የቀየረ ሰው ወይ የሸሸው ነገር አለ፣ ወይ የሸሻት ሚስት አለች። ዘቢባ ተቆጣች። ልጃችን በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ሲያመላልስ ነው የቆየው፣ ሲመለስ ስሙን ለወጡለት፣ ይሄ ነውር ሳይሆን አላህ ዘንድ የሚከፈል አጅር ነው አለች። ያንተው እንደሆነ ገና ጢም ያላበቀለ ነው፤ ገንዳ ተሸክሞ ይዞራል፣ እገንዳው ውስጥ ደግሞ ማን በምን ሁኔታ እንደሚገባ አላህ ይወቀው። ዐብዱራሕማን ምንም እንኳ ቢያፍር፣ ገንዳው ፎቅ ላይ ነው፣ ያልወጣ አያይም አለ።

ሐጂ ዐብዱልገኒ ቀንበጥ እየመረጠ፣ እንዴት ጥሩ ጥያቄ እንዳገኘ ለራሱ እየተደሰተ፣ ሌላው ይቅርና ቤቱ ራሱ የሚዞር ከሆነ የስግደቱ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ እንዴት ይያዛል አለ። ሁለቱም ላይ እንግዲህ ይሄ ችግር አለ፣ ዑለማዎቹ እስኪነግሩን ድረስ ብንቆይስ? ዓሊዪ ጫቱን ባንድ ጉንጩ አድርጎ፣ አቦ ሐጂ፣ ሁለቱም ጋ ሙስሊም መርከበኞች አሉ፣ በሰገዱ ቁጥር ካፒቴኑን ጠይቀው ነው የሚቆሙት፣ ዑለማ የሚያስቸግር ነገር የለውም አለው። ምግቡም እንደዚያው፤ ሁለቱም ጋ ለእኛ ሰው ለብቻ ድስት አለ። ሐጂ ቀንበጡን አስቀመጠ።

ከዚያ ነው ዘቢባ ነገሩን የገደለችው። ዓሊዪ፣ አለችው፣ ሰዎቹ ከነዚህ መርከቦች ሲወርዱ ፊታቸው ምን ይመስላል?

ዓሊዪ ሐቀኛ ሰው ነው፤ አሰብ አደረገ። ከጥቁሩ የሚወርዱት ርቧቸው ነው የሚወርዱት፣ የሚበላ የት አለ እያሉ አለ። የነጩ ግን ቀላል ስለሆነ ማዕበል ሲመጣ ትንሽ ይጨፍራል፤ ከእሱ የሚወርዱት ፊታቸው እንደ እርድ ነው።

 ሐጂ ዐብዱልገኒ ራሱ እንደ እርድ ሆነ። ሰዐዲያ ከግድግዳው ወዲያ ፊቱን ባታየውም ጫቱን ገፋ ማድረጉን በኮሽታው አወቀችው። ከዚያ፣ እንግዲህ የግድ ከሆነ ጥቁሩ ነው የሚሻለው፣ ክፍሏም ጥሩ ናት፣ መሃል ላይ ናት፣ ነፋስ አያገኛትም ሲል ሰማችው። ድምፁ ውስጥ ማምለጫ የፈለገ ሰው አለ። ለማምለጥ አንድ ቃል ብቻ የቀረችው።

የቀረችው ደግሞ የልጅቷ ቃል ነበረች። ደንቡ ነው፤ ሴት ሽማግሌዋ ትገባና ትጠይቃታለች። ዘቢባ ቂርጣቷ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ሁለቱንም አስረድታ ማንን ትወጃለሽ አለቻት።

ሰዐዲያ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ነጩን ብትል፣ እሱ አሁኑኑ ሁለቱም አይሆኑም ብሎ ይነሳል፤ ነገ ቅዳሜ ናት። ጥቁሩን ብትል፣ ሞምባሳ ደርሳ ትመለሳለች፤ ግን ያንን ሁሉ መንገድ ሳጥን ውስጥ ሆና ነው። እሱ ወደ ላይ አይወጣም፣ እሷንም ብቻዋን አይለቃትም። ለሦስተኛ ጊዜ ባሕር ተሻግራ ሰፊ ነው ልትል ነው። ቢሆንም መሄድ ካለመሄድ ይሻላል። ስትሳፈር ትንሽ ታያለች፣ ስትወርድም ትንሽ ታያለች።

«አባቴ ያሉት ይሁን በይልኝ» አለች።

የሙሽራ መልስ ነው፤ ሁሉም ሙሽራ የምትለው። ዘቢባ ትክ ብላ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች። ወጣችና፣ አባቴ ያሉት ይሁን ብላለች አለች። ዓሊዪ በሳቅ ፈነዳ፤ ሐጂ ለገዛ ሚስቱ አባት ሆኗል። ዐብዱራሕማንም ፈገግ አለ። ሐጂ ዐብዱልገኒ ግን አልሳቀም።

ሰዐዲያ ለምን እንዳልሳቀ ታውቃለች። ያኔ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክም የመጣለት መልስ ይሄው ነበር። ከሰርጉ በኋላ፣ እዚችው ጓዳ ውስጥ፣ ገና ሲተፋፈሩ፣ ለመሆኑ ምን ነበር ልትይ የፈለግሽው ብሎ ጠይቋት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማን ጠይቆኝ ብላው ነበር። እሺ ነበር የምለው፣ ግን ሁለተኛ ማንም አልጠየቀኝም። ለብዙ ጊዜ በዚህ ሲቀልዱ ኖረዋል።

«ዘቢባ» አለ ሐጂ ዐብዱልገኒ። «ተመልሰሽ ጠይቂያት። አባቷ ምን ይላሉ አይደለም። እሷ ምን ትላለች?»

ዘቢባ ገና ስትነሳ ሰዐዲያ አልጠበቀቻትም። ሙሽራ በግድግዳ አሻግራ ለሽማግሌ መልስ ስትሰጥ እንግዲህ ጀጎል ከተቆረቆረ ጀምሮ ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«እዚህ መስኮት የሌላት ጓዳ ውስጥ አንድ ጊዜ ሙሽራ ሆኜ ከርሜያለሁ፣ ይበቃኛል» አለች። «ባሕሩን ማየት ነው የምፈልገው። ከጎኔ አንተ ሆነህ።»

ዐብዱራሕማን ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዓሊዪ ማላመጡን አቆመ።  ሰዐዲያ እፍረቱ ዘግይቶ መጣባትና ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች፤ ማንም እንደማያያት እንኳ ረሳች። ነደባው ላይ ያለው ሰውዬ ረዥም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማች።

«ነጩ ይሁን» አለ። ቀጥሎም ሰው ሳይናገር ፈጠን ብሎ፣ «ግን ውል አለኝ። አልጋዬ ከመስኮቱ የራቀው ይሁን። ዐይኔን ከጨፈንኩም ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝ።»

ዘቢባ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር የሚያውቃት ሁሉ ይገምታል። ከጓዳው ውስጥ ግን አንዲት ደረቅ ሳል መጣች፤ ዘቢባም ያቺን ሳል ለዓመታት ስለምታውቃት አፏን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ሁሉም እጁን ለዱዓ ዘረጋና የቃል ማሰሪያው ፋቲሓ ተቀራ። ለነጩ መርከብ ፋቲሓ ተቀራለት፤ ጥቁሩም ስዕሉ ተጠቅልሎ በክብር ተሸኘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳህሉ ቢሮ እግር መርገጫ አልነበረም። ጎረምሶቹ ያሸነፉት ራሳቸው ይመስል ደረታቸውን ነፍተዋል፤ የጥቁሩ ወገኖች ደግሞ ማዕበሉ ሲመጣ እንነጋገራለን እያሉ በር ላይ ቆመዋል። ሐጂ ዐብዱልገኒ አዲስ ኮፍያ አድርጎ፣ ትንሽ ገርጥቶ ገባ። ሰዐዲያ ከኋላው። ሳህሉ ሳይወላውሉበት ብሎ ቶሎ ቶሎ ስማቸውን እየጻፈ፣ ክፍሏ በመርከቡ ቀኝ በኩል ናት አለ።

ሐጂ ቀና አለ። በቀኝ በኩል ምን አለ ብሎ ጠየቀ።

ሳህሉ፣ ሲሄዱ የሱማሌ ጠረፍ በቀኝ በኩል ነው የሚሆነው፣ አልፎ አልፎ መሬቱ ይታያል አለው።

«መሬት ይታያል?»

«ቀኑ ጥሩ ከሆነ ግመል ሁሉ ይታያል ይላሉ።»

ያን ሳምንት ሙሉ ከሐጂ ዐብዱልገኒ ትከሻ ላይ ያልወረደው ነገር ወረደ። ወደ ሰዉ ዞሮ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያውም ነጩን ነበር ያልኩት፣ ሰው ብቻ ነው ያዘገየኝ አለ። ቀለደ፣ አሳቀ፤ ሥጋ ሻጩን ከሞምባሳ አሣ አመጣልሃለሁ አለው።

ሳህሉ እርሳሱን እንደያዘ ቀና አለ። ሐቀኛ ሰው ነው መቼም፣ ደንበኛው ሳያውቅ እንዲሄድ አይፈልግም። «ሐጂ፣ ሲመለሱ ግን...» ብሎ ጀመረ።

ሰዐዲያ እጇን ቴሌግራሙ ወረቀት ላይ አሳረፈች። «ሳህሉ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቴሌግራም ቤቱ ቅዳሜ ቶሎ ይዘጋል አሉ። እንዳይዘጋብህ።»

ሳህሉ አያት። ሐጂን አየው። መልሶ እሷን አያት። ሲመለሱ ጠረፉ በግራ ስለሚሆን ያቺ መስኮት መሬት እንደማታሳይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሃ ብቻ እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። ሳህሉ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን ጨረሰና ወረቀቱን ይዞ በሰዉ መሃል እየተጋፋ ወደ ቴሌግራም ቤቱ ወጣ።

ወደ ቤት ሲወርዱ ሐጂ ዐብዱልገኒ ለሰላምታ ለሁሉም እጁን እያነሳ ከሄደ በኋላ ድንገት ቆም አለ። ሳህሉ ሲመለሱ ብሎ ምን ሊል ነበር አላት።

«ሲመለሱ በሰላም ግቡ ሊለን ነዋ» አለችውና ቀድማው ወረደች።